ሰሚ የጠራው ቤተ ሰብ

የወንጌል መልእክተኞች ታሪክ ብዙውን ጊዜ መልእክተኛው ከመርከብ ከወረደበት ቀን ይጀምራል። ያስተማረው ሕዝብ፣ ያጠመቀው ቍጥር፣ የሠራው ቤተ ክርስቲያን በዝርዝር ይነገራል። ከመርከቡ በፊት በቤቱ ውስጥ የሆነው ነገር ግን፣ የእናቱ ዝምታ፣ የሚስቱ ዕንባ፣ የሕፃኑ ነገር፣ ከመጽሐፍ ውጭ ይቀራል። ዳሩ ግን የእምነት ፈተና ከባሕሩ ማዕበል አስቀድሞ በገዛ ደጅ ይጀምራል። አብርሃም ከካራን ሲወጣ ሣራም አብራው ወጥታለች፤ ድምፁን የሰማው እርሱ ሲሆን፣ የለመዱትን ቤት ትተው በድንኳን መኖር ግን የሁለቱም ዕጣ ሆኗል።

ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ የሚሆነው በ1823 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ከሳይቤሪያ ከኢርኩትስክ ከተማ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ወደ አሌውት ደሴቶች የሄደው የሩስያዊው የቄስ ዮሐንስ ቬኒያሚኖቭ ቤተ ሰብ ነው። የዚህ ቤተ ሰብ ዝግጅት ሲመረመር ሦስት ነገር ይገኝበታል፤ አንደኛው ሳያውቁት የተደረገ ዝግጅት ነው፤ ሁለተኛው በአንድ ሰው ቃል በድንገት የተቀጣጠለ ፈቃድ ነው፤ ሦስተኛውም ከሁሉ የሚከብደው፣ ጥሪውን በጆሮአቸው ያልሰሙት የቤት ሰዎች የከፈሉት ዋጋ ነው።

ዮሐንስ በ1797 ዓ.ም. በኢርኩትስክ አውራጃ አንጋ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዝቅ ባለ የአገልግሎት ማዕርግ የሚኖር ድኻ ሰው ነበረ። ብላቴናው ስድስት ዓመት ያህል ሲሆነው አባቱ ሞተ፤ እናቱ ቴክላም ከልጆችዋ ጋር በችግር ቀረች። አባቱ ንባብ አስቀድሞ አስተምሮት ነበርና ገና ሕፃን ሳለ በቅዳሴ ጊዜ መልእክተ ሐዋርያትን ቆሞ እስከ ማንበብ ደርሶ እንደ ነበረ ይነገራል። ከዚህ በኋላ ዲያቆን የነበረው አጎቱ ረዳው፤ በ1806 ዓ.ም. በዘጠኝ ዓመቱ በኢርኩትስክ ወደሚገኘው የካህናት ትምህርት ቤት ገባ። በትምህርት ቤቱ ብርቱ ተማሪ ሆነ፤ ነገር ግን ከመጽሐፉ ሌላ እጁም ሥራ አይፈታም ነበር። እንጨት መጥረብን፣ ብረት ማበጀትን፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ሰዓት መሥራትን ተማረ። ጓደኞቹ ይህን እንደ ጨዋታ ሳይቈጥሩት አልቀሩም፤ የሚማርበትን ምክንያት ራሱም አላወቀም። በ1814 ዓ.ም. የኢርኩትስክ ጳጳስ ቬኒያሚን ሲያርፉ፣ የትምህርት ቤቱ አለቃ ለመታሰቢያቸው ስማቸውን ለዚህ ለተመረጠ ተማሪ ሰጡት፤ ቬኒያሚኖቭ መባሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1817 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። የትምህርት ቤቱ አለቃ ከተማሪዎቹ መካከል ብልኆቹን መርጠው ወደ ሞስኮ ከፍተኛ የመንፈሳዊ ትምህርት ቤት ሊልኩ አስበው ነበር። አለቃው የሚኖሩት ከአንጋራ ወንዝ ማዶ ነበረ፤ ወራቱም በረዶ የሚሰበርበት፣ ወንዙ በእግርም በጀልባም የማይሻገሩበት ወራት ነበረ። በእነዚያ ቀናት ተማሪው ዮሐንስ አለቃውን ማግኘት ስላልቻለ ስለ ጋብቻው ፈቃድ ጳጳሱን ጠየቀ፤ ፈቃዱም ተሰጠው። የካህን ልጅ የሆነችውን ኤካቴሪናን አገባ። ያገባ ሰው ወደ ሞስኮ አይላክምና የሊቅነቱ መንገድ በዚያው ተዘጋ። ኋላ በሽምግልናቸው ይህን ሲያስታውሱ ወንዙ ባይከለክል ኖሮ ወደ ሞስኮ በሄዱ፣ አሜሪካንም ባላዩ ነበር ብለው ይናገሩ ነበር። ሰው መሰናክል ብሎ የሚያዝንበት ነገር በእግዚአብሔር ዘንድ ስንቅ ሆኖ ሲቈጠር በዚህ ይታያል።

በዚያው ዓመት ዲቍና፣ በ1821 ዓ.ም. ደግሞ ቅስና ተቀብለው በኢርኩትስክ በብሥራት ቤተ ክርስቲያን ተሾሙ። ምእመናኑ ወደዱአቸው፤ እሑድ እሑድ ሕፃናትን ሰብስበው ሃይማኖት ያስተምሩ ነበር። ከድኻ መንደር በችግር የወጣው ብላቴና አሁን ቤት ያለው፣ ሚስት ያለችው፣ የሚወደው ሕዝብ ያለው የከተማ ካህን ሆነ። እናቱም የልጅዋን ክብር በዓይኗ አየች። ስለ ምድራዊ ኑሮ የሚጎድላቸው ነገር አልነበረም፤ ፈተናውም በዚህ ጊዜ መጣ።

አሁን ስለ ደሴቶቹ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የአሌውት ደሴቶች ከእስያ ጫፍና ከአሜሪካ መካከል በሰሜኑ ባሕር እንደ ሰንሰለት የተዘረጉ፣ ዛፍ የማይበቅልባቸው፣ ነፋስና ጉም የማይለያቸው ምድሮች ናቸው። ነዋሪዎቹ ራሳቸውን ኡናንጋን ይላሉ። ከ1741 ዓ.ም. ከቤሪንግ ጕዞ በኋላ የሩስያ ነጋዴዎች ስለ ባሕር እንስሳ ቆዳ ወደዚያ ጐረፉ፤ በሕዝቡም ላይ ብዙ ግፍ ፈጸሙ፤ በግፍና በበሽታም የሕዝቡ ቍጥር እጅግ አነሰ። በ1794 ዓ.ም. ከቫላም ገዳም የተነሡ መነኮሳት ወደ ኮዲያክ ደሴት ደረሱ፤ ከእነርሱም አንዱ አባ መቃርስ ወደ ውናላስካ ተሻግረው ብዙ ሕዝብ አጠመቁ። ነገር ግን በ1799 ዓ.ም. የተልእኮው አለቃ የነበሩት ኢዮአሳፍ ጵጵስና ተቀብለው ሲመለሱ፣ የተሳፈሩባት ፊኒክስ የምትባል መርከብ ሰጠመች፤ አባ መቃርስም አብረዋቸው ጠፉ። ከዚህ በኋላ የተጠመቀው ሕዝብ ነዋሪ ካህን ሳይኖረው፣ የሚያቈርበው ሳያገኝ፣ ጸሎቱን ብቻ ይዞ ሃያ አራት ዓመት ያህል ቈየ።

በ1823 ዓ.ም. መጀመሪያ ከቅዱስ ሲኖዶስ ወደ ኢርኩትስኩ ጳጳስ ወደ ሚካኤል ትእዛዝ መጣ፤ ወደ ውናላስካ የሚሄድ ካህን ይላክ የሚል ነበረ። ጳጳሱ ካህናቱን ጠየቁ፤ የሚወድ ግን አልተገኘም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ባሕሩ ካህናትን ውጧል፤ ከዚያ የተመለሰም ጥቂት ነው። ዕጣ እስከ መጣል እንደ ደረሱ፣ ዕጣው የወጣበት ዲያቆንም ወደ አሜሪካ ከመሄድ ይልቅ ወታደር መሆንን እንደ መረጠ ተብሎ ተጽፏል። ቄስ ዮሐንስም ሲጠየቁ እንደ ሌሎቹ እንቢ አሉ። በእነዚህ ካህናት ላይ ቶሎ መፍረድ አይገባም። ቤትና ልጆች ያሉት ካህን ወደማያውቀው ባሕር ሂድ ሲባል ቢፈራ ሰው መሆኑን ያሳያል እንጂ ሃይማኖት የለውም አያሰኝም። ይልቁንም ኋላ ሐዋርያ የተባለው ሰው ራሱ አስቀድሞ ከእንቢተኞቹ አንዱ እንደ ነበረ መታወቁ ለታሪኩ ክብር ነው።

በዚያን ወራት ኢቫን ክሪውኮቭ የሚባል ሩስያዊ በኢርኩትስክ ነበረ። ይህ ሰው በአሌውቶች መካከል ብዙ ዘመን ኖሮ የመጣ ነበረ። ለቄስ ዮሐንስ ስለ ደሴቶቹ ብዙ ነገር ነገራቸው፤ እንዲሄዱም መከራቸው፤ ልባቸው ግን አልተነካም። ክሪውኮቭ ሊመለስ ሲሰናበት በጳጳሱ ቤት ተገናኙ። በዚያም ሰውዬው አሌውቶች ለጸሎት ያላቸውን ትጋት፣ የእግዚአብሔርንም ቃል ለመስማት ያላቸውን ናፍቆት ሲያወራ፣ ቄሱ በድንገት ልባቸው ተቃጠለ። ከዚህ በፊት ስለ ብርዱና ስለ ባሕሩ በሰሙት ሁሉ አልተንቀሳቀሱም ነበር፤ አሁን ግን ፈቃዳቸውን ለጳጳሱ እስኪነግሩ ድረስ ትዕግሥት አጡ። ጳጳሱም ተደነቁ፤ ወዲያውም እሺ አላሉም። እንዲህ ያለ የተወደደ ካህን ከከተማው መለየቱ ከብዷቸው ነበርና።

የዚህ ታሪክ ዋና ቍም ነገር ከዚህ ላይ ነው። ቄስ ዮሐንስን ያስነሣቸው የሲኖዶስ ትእዛዝ አልሆነም፤ ትእዛዙን ሰምተው እንቢ ብለዋል። የሰዎቹ ድኽነትና መከራም አልሆነም፤ ስለ እርሱ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ያስነሣቸው የሰሚዎቹ ጸሎት ነው። ቅዳሴ በየዕለቱ የሚሰማበት ከተማ ካህን፣ ካህን የሌለው ሕዝብ ከእርሱ ይልቅ ቃሉን እንደሚናፍቅ ሲሰማ ዐፈረ። ስለዚህ መምህሩ ተማሪዎቹን ሳይጠራ ተማሪዎቹ መምህሩን ጠሩት ማለት ይገባል፤ በሺህ የሚቈጠር ምዕራፍ ርቀው፣ ስሙንም ሳያውቁ ጠሩት።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ፍሬምናጦስ በአክሱም ሳለ በዚያ ያሉትን ምእመናን አይቶ፣ እረኛ እንደ ጐደላቸው ተረድቶ፣ ወደ እስክንድርያ ወረደና ጳጳስ ይላክላቸው ብሎ ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም ከአንተ የሚሻል ማንን እናገኛለን በሚል አሳብ ራሱን ሾሞ መለሰው፤ እርሱም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተባለ። በዚያም እንደዚህ ያለ ሥርዓት ይታያል፤ አስቀድሞ የሚናፍቅ ሕዝብ አለ፤ ቀጥሎ ናፍቆቱን ይዞ የሚመጣ መልእክተኛ አለ፤ በኋላም የሚሄድ አባት ይገኛል። በአክሱም ወሬውን የወሰደውና የተላከው አንድ ሰው ሲሆን፣ በኢርኩትስክ ግን ወሬውን ያመጣው ነጋዴ፣ የተላከው ቄስ ሆነ።

ቄስ ዮሐንስ ከጳጳሱ ቤት ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲገቡ ግን ሌላ ፍርድ ይጠብቃቸው ነበር። የክሪውኮቭን ቃል የሰሙት እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ ልባቸው የተቃጠለውም የእርሳቸው ብቻ ነው። ኤካቴሪና ያንን ቃል አልሰማችም፤ እቅፏ ላይ ኢኖኬንቲ የሚባል ሕፃን ነበረ። እናታቸው ቴክላ አርጅተው ነበር፤ ባላቸውን በአንጋ መንደር ቀብረው፣ ልጃቸውን በድኽነት አሳድገው፣ ገና ዕረፍት ያገኙ ሰው ነበሩ። ወሬው በቤት ውስጥ በተሰማ ጊዜ ታላቅ ኀዘን እንደ ሆነ፣ ሚስቲቱም እንዳለቀሰች የቄሱን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ይናገራሉ።

ታዲያ ይህን ዕንባ የእምነት ጕድለት ነው ማለት ይቻላልን? አይቻልም። ጌታችን በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ጸለየ፤ ላቡም በምድር ላይ ወረደ፤ ሆኖም የአብን ፈቃድ ፈጸመ። ማልቀስና እንቢ ማለት አንድ አይደሉም። ልቡ በእሳት የተያዘ ሰው ቢሄድ ምን ይደንቃል? እሳቱ ራሱ ይሸከመዋል። እሳቱ ሳይነካት፣ የሚያጽናና ራእይ ሳታይ፣ ብርዱንና ባሕሩን ብቻ እያየች ሕፃኗን አዝላ የምትሄድ ሴት ግን በባዶ እጅ ታምናለች። ባሏ ያመነው በሰማው ነገር ሲሆን እርሷ የታመነችው ባልሰማችው ነገር ነው። ሁለቱም እምነት ነው፤ ሁለተኛው ግን የሚጽፍለት ሰው አያገኝም።

ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ አይታለፍም። ለመላክ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ መከራ መግባት ይገባዋልን? መነኵሴ ቢሆን ራሱን ብቻ ያቀርባል፤ ያገባ ካህን ግን መሥዋዕቱን ሲያቀርብ የሌላውን ሰው ድርሻ ጨምሮ ያቀርባል። ሚስቱንና እናቱን ትቶ ቢሄድ ቃል ኪዳኑን ይበድላል፤ ይዟቸው ቢሄድ ያልመረጡትን ያሸክማቸዋል። ቄስ ዮሐንስ የመረጡት ሁለተኛውን ነው። ቤተ ሰቡም ከመለያየት አብሮ መከራ መቀበልን መረጠ፤ እናቲቱም ለልጃቸው እርጅናቸውን ምክንያት አላደረጉበትም፤ ወንድማቸው እስጢፋኖስም አብሮ ለመሄድ ተነሣ። በዚህ ዐይነት የአንድ ሰው ጥሪ የአምስት ሰው መስቀል ሆነ።

በ1823 ዓ.ም. በግንቦት ወር ከኢርኩትስክ ወጡ። በሌና ወንዝ በጀልባ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ወርደው ያኩትስክ ደረሱ። ከያኩትስክ እስከ ኦኾትስክ ወደብ ያለው መንገድ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ፤ ሰረገላ የማይሄድበት፣ ዱርና ረግረግ፣ ተራራና ወንዝ ያለበት ነበረና በፈረስ ተጓዙ። አሮጊቷ እናት፣ ሕፃን የያዘችው ሚስት፣ ሁሉም በኮርቻ ላይ ነበሩ። ከኦኾትስክ በመርከብ ተሳፍረው በጥቅምት ወር ሲትካ ደረሱ። ወራቱ ለባሕር መንገድ አይመችምና እዚያው ከረሙ፤ ቄሱም ጊዜውን ሥራ ሳይፈቱ የአሌውትን ቋንቋ መማር ጀመሩ። በ1824 ዓ.ም. በነሐሴ መጀመሪያ ውናላስካ ደረሱ። ከተነሡበት ቀን ጀምሮ ዐሥራ አራት ወር ሆኖ ነበር።

ዐሥራ አራቱን ወር እንደ ጠፋ ጊዜ የሚቈጥረው ሰው ይስታል። ኢርኩትስክን ለቅቀው የወጡት የከተማ ሰዎች ነበሩ፤ ውናላስካ የደረሱት ግን ጭቃውን፣ ረኃቡን፣ የመርከቡን ሕመም አብረው የቀመሱ፣ አንዱ የሌላውን ድካም የተሸከመ ማኅበር ሆነው ነበር። የቅኔ ተማሪ አኵፋዳውን አንግቶ ከአገሩ ርቆ ሲሄድ መንገዱም ትምህርት እንደሚሆነው፣ ለእነርሱም መንገዱ ትምህርት ቤት ሆነላቸው።

በውናላስካ ያገኙት አሮጌ ጸሎት ቤት ሊወድቅ የደረሰ ነበር፤ ለራሳቸውም አስቀድሞ የተቀመጡት በመሬት ውስጥ በተቈፈረ የሣር ጎጆ ነው። ያን ጊዜ በኢርኩትስክ ያለ ምክንያት የተማሩት የሚመስለው የእጅ ሥራ ምክንያቱ ታየ። ቄሱ አሌውቶቹን እንጨት መጥረብና ግንብ መሥራት አስተማሩ፤ ከእነርሱም ጋር ሆነው በጌታ ዕርገት ስም ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ በ1826 ዓ.ም. ተባረከ። ለቤተ ሰባቸውም ቤት ሠሩ፤ የቤቱን ዕቃ፣ ሰዓቱን ሳይቀር በገዛ እጃቸው አበጁ። ኢቫን ፓንኮቭ ከሚባል የአሌውት አለቃ ጋር ሆነው ለቋንቋው ፊደል አዘጋጁ፤ የማቴዎስን ወንጌልም ተረጐሙ። በ1833 ዓ.ም. ወደ መንግሥተ ሰማያት ስለሚወስደው መንገድ በአሌውት ቋንቋ መጽሐፍ ጻፉ። ያ ጸሎቱ መምህሩን የጠራ ሕዝብ ከዚያ ወዲያ በራሱ ቋንቋ አነበበ።

የኤካቴሪና ድርሻ ግን እስከ መጨረሻው አልተቈጠረም። በዚያ በነፋሱ ምድር ሌሎች ልጆች ወለደች፤ አሳደገች፤ ባሏ በቆዳ በተሠራች ቀጭን ታንኳ ከደሴት ወደ ደሴት ሲሻገሩ ወሬያቸውን እየጠበቀች ኖረች። በ1834 ዓ.ም. ወደ ሲትካ ተዛወሩ። በ1838 ዓ.ም. ቄሱ ስለ ተልእኮው ጉዳይ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ ተጓዙ፤ እርሷም ወደ ኢርኩትስክ ተመለሰች። በ1839 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ባሏ በሩቅ ሳሉ፣ በዕንባ ወጥታበት በነበረችው ከተማ ዐረፈች።

ሞቷ ለባሏ ኀዘን፣ ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ሚስቱ የሞተችበት ካህን ሁለተኛ አያገባም፤ ጳጳስም ከመነኮሳት ይሾማል። የሞስኮው ሊቀ ጳጳሳት ፊላሬት እንዲመነኵሱ መከሩአቸው፤ እርሳቸው ግን ስለ ልጆቻቸው ብለው ብዙ ጊዜ አመነቱ። የልጆቹ ትምህርትና ኑሮ ከተያዘ በኋላ በ1840 ዓ.ም. መነኰሱ፤ በኢርኩትስክ በነበሩት በጻድቁ ጳጳስ ስም ኢኖኬንቲ ተባሉ፤ ያም ስም አስቀድሞ የበኵር ልጃቸው ስም ነበረ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የካምቻትካ፣ የኩሪልና የአሌውት ደሴቶች ጳጳስ ሆኑ። በ1868 ዓ.ም. የሞስኮ ሊቀ ጳጳሳት ሆኑ፤ በ1870 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ የወንጌል መልእክተኞችን ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1879 ዓ.ም. በቀዳም ሥዑር ዕለት ዐረፉ። የሩስያ ቤተ ክርስቲያንም በ1977 ዓ.ም. በቅዱሳን መዝገብ ስማቸውን ጻፈች።

ባልዋ በመዝገብ ተጻፉ፤ ሚስቲቱ አልተጻፈችም። ይህ ግን በሰው መዝገብ ነው። ወንጌልን ለማድረስ ሰው የሚልኩ አባቶች፣ ለተላከው ጸሎት የሚያደርሱ ምእመናን፣ ይህን ታሪክ ሲያስቡ ከመልእክተኛው ኋላ የሚራመዱትን ሊረሱአቸው አይገባም። በየደብሩ ቅዳሴ ስለ መንገደኞች በሚጸለይበት ጊዜ፣ ጥሪውን ሳይሰሙ የተጓዙትም ይታሰቡ። በ1867 ዓ.ም. የአላስካ ምድር ከሩስያ ወደ አሜሪካ መንግሥት ተላለፈ፤ ነጋዴዎቹ አለፉ፤ በውናላስካ ግን በጌታ ዕርገት ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆሟል። የቀድሞው ቤተ ክርስቲያን መሠረት በቄሱ እጅ መጣሉ የታወቀ ነው። ከመሠረቱ በታች ግን በ1823 ዓ.ም. በኢርኩትስክ በአንድ ቤት ደጃፍ ላይ የፈሰሰው ዕንባ አለ።